የአንለይ ስም

ደብረ ማርቆስ፣ ጥቅምት 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለትንቢት አንለይ፣
ቤርገን፣ ኖርዌይ

ሰላምታዬ ባሕሩን ተሻግሮ በደህና ያግኝሽ። እኔ በብርድ ጊዜ ወገቤን ከሚቆረጥመኝ በቀር ለፈጣሪ ምስጋና ይግባውና ቆሜ እሄዳለሁ። ዘንድሮ ክረምቱ ረዘም ብሎብን ነበር፤ አሁን ሰማዩ ጠርቷል፣ ጤፉም እያሸተ ነው።

ኢንተርኔቱ እንደ ጠፋ ነው፤ ስልኩም ግማሹን ወሬ እየቆረጠ ስለሚያስቀረው እንደ ድሮው በወረቀት መጣሁብሽ። አዲስ አበባ የሚወርድ ሰው ከዚያ ፖስታ ቤት ያስገባልኛል።

ወደ ጉዳዬ ልግባ። ከዩኒቨርሲቲው አንዲት የታሪክ መምህርት፣ ፍቅርአዲስ የምትባል፣ ካለፈው ዓመት ጀምሮ እየመጣች ስለ በረራ ዘመኔ ትጠይቀኛለች። የአገራችንን የጦር ሰዎች ታሪክ በመጽሐፍ ልታወጣ ነው። የእኔን ምዕራፍ «ከሰማይ የተመለሰው» ብላዋለች። ስሙ በዝቶብኛል፤ ግን አልከለከልኋትም። አሁን የምትፈልገው ፎቶግራፍ ነው። የእኔዎቹ በ83 ከጦር ሰፈሩ ቤት ስንወጣ እንዳሉ ቀርተዋል። አንቺ ዘንድ ግን እኔና አባትሽ ከአውሮፕላኑ ክንፍ ሥር ቆመን የተነሣነው አንድ እንዳለ አውቃለሁ። ኮፒውን ብትልኪልኝ ትልቅ ነገር አደረግሽልኝ።

እመብርሃን በወጣሽበት በገባሽበት ትከተልሽ።

ጋሼሽ፣
ኮሎኔል አካለ ወልድ እንዳላማው


ቤርገን፣ ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድዎና ለማከብርዎ ለጋሼ አካለ ወልድ፣

ጤናዎ እንደ ልቤ ምኞት ይሁንልኝ። ደብዳቤዎ ሲደርሰኝ የእጅ ጽሑፍዎን ከፖስታው ላይ አይቼ ገና ሳልከፍተው ደስ አለኝ። ያንኑ ጽሑፍ ስንት ዓመት የሒሳብ ደብተሬ ላይ አይቼዋለሁ። እኔ ደህና ነኝ። ከሆስፒታሉ ላቦራቶሪ ወደ ቤት፣ ከቤት ወደ ላቦራቶሪ ነው። እዚህ ዝናቡ ወቅት የለውም፤ ዓመቱን ሙሉ ሐምሌ ነው።

ፎቶውን በደንብ አሳጥቤ ልኬልዎታለሁ። እርስዎ የበረራ ቱታ ለብሰው የራስ ቁርዎን በብብትዎ ይዘዋል። አባቴ እጅጌውን ሰብስቦ ከጎንዎ ቆሟል፤ ጨርቅ ይዟል፣ እጁ በዘይት ጠቁሯል። ብዙ ጊዜ አየዋለሁ። ሁለት የወንድማማች ልጆች፣ አንዱ ሊበር፣ አንዱ ሊያበር። እባክዎ ጋሼ፣ ከሥሩ የአባቴ ስምና ሥራው ይጻፍ። «ቴክኒሻን አንለይ ይስማው» ይባልልኝ። ስሙ በበጎ የተጻፈበት ሌላ ወረቀት የለኝም።

ሌላም ልለምንዎ። እናቴ እግሯ ያብጣል። ሐኪሙ የልብ ነው ብሏታል። አምበር ከእርስዎ ግማሽ ሰዓት መንገድ ነው። አባቴ ከሞተ በኋላ እርስዎ ቤት ሆኜ ስማር በየሳምንቱ ለገበያ እየመጣች ያመጣችልኝን ለሠራተኛዋ በበሩ ላይ ሰጥታ ትመለስ ነበር። አንድ ቀን እንኳ ገብታ አልተቀመጠችም። ለምን እንደሆነ ጠይቄያት «ተይኝ» ብቻ ነው ያለችኝ። አሁን ጊዜው እየሄደ ነው። ሄደው ቢጠይቁልኝ እወዳለሁ።

ያሳደጓት፣
ትንቢት


ደብረ ማርቆስ፣ ታኅሣሥ 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለትንቢት፣

የጌታ ልደት ደርሶ ሰው ሁሉ ሽር ጉድ በሚልበት ሰዓት ፖስታሽ በእጄ ገባ። ፎቶውን ከመስኮቱ አጠገብ ይዤ ተቀመጥሁ። ሃያ አምስት ዓመቴ ነበር። ያን ጊዜ ፀጉሬ እንዲህ ብዙ እንደነበር ረስቼዋለሁ።

መምህርቷም አይታው ተደስታለች። ሁሉንም ከሥሩ ስለምትጠይቀኝ እኔም እያስታወስሁ ነው። በ62 ከማርቆስ ተመልምለን ስንሄድ ሰባት ነበርን፤ ለአብራሪነት ያለፍነው ሁለት። አባትሽ በዓመቱ ተከትሎኝ መጣ። ዓይኑ ለበረራ አልበቃ ብሎ ጥገና መደቡት፤ አንድ ቀን ግን ሲያዝን አላየሁትም። ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዬን የበረርሁ ዕለት ወርጄ እግሬ ሲንቀጠቀጥ ደግፎ የያዘኝ እሱ ነው። ከዚያ አሜሪካ ለሥልጠና ሄድሁ፣ ተመለስሁ፣ ጦርነቱ መጣ። ወደ ምሥራቅ ወረድን። ከዚያ በኋላ ያለውን ታውቂዋለሽ። አውሮፕላን ወደቀብኝ፣ ወገቤ ተሰበረ፣ ዳግም በረርሁ፣ አስተማርሁ፣ ጦሩ ሲበተን ከነሻንጣዬ ማርቆስ ገባሁ።

የፎቶውን መግለጫ መምህርቷ ገና አልጻፈችውም። እነግራታለሁ።

አምበር ለመሄድ አስቤ ነበር። ነገር ግን መንገዱ አንድ ቀን ይከፈታል፣ ሁለት ቀን ይዘጋል። ወገቤም ሚኒባስ አይችልም። ለእናትሽ ለሙላቷ አንድ ገንቦ ማር በሰው ልኬላታለሁ። እዚያ አገር ጥሩ የወገብ መደገፊያ ቀበቶ ይሸጣል አሉኝ፤ ብታገኚ ላኪልኝ።

አማኑኤል ካንቺ ጋር ይሁን።

ጋሼሽ


ቤርገን፣ ጥር 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሼ አካለ ወልድ፣

እንደምን ከረሙ? ቀበቶውን ገዝቼ አዲስ አበባ በሚገባ ሰው ልኬያለሁ። በልብስዎ ላይ ሳይሆን ከሥር ይታጠቁት።

ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ። መምህርት ፍቅርአዲስ ለሥራ አዲስ አበባ ሄዳ ኖሮ ከዚያ በኢሜይል ጻፈችልኝ። ለፎቶው አመስግና ምሥሉ የሚገባበትን ገጽ «አንብበሽ አስተያየት ስጪኝ» ብላ ላከችው። እንዲህ ይላል፦ «መቶ አለቃ አካለ ወልድ ግዳጁን በድል ፈጽሞ ሲመለስ፣ በጥገና ክፍሉ አሻጥር በተበላሸ የነዳጅ መለኪያ ምክንያት የአውሮፕላኑ ሞተር አየር ላይ ጠፋበት።» ከፎቶው ሥር ደግሞ የእርስዎ ስም ብቻ አለ። አባቴ «ከአንድ የሥራ ባልደረባው ጋር» ሆኗል።

ጋሼ፣ በዚህ ነገር አንድ ቀን ተነጋግረን አናውቅም። አምበር ስማር ግን ልጆቹ ያውቁት ነበር። «የአሻጥረኛው ልጅ» ይሉኝ ነበር። አባቴ አምስት ዓመት ታስሮ ሲፈታ ከወፍጮ ቤት ሥራ በቀር የሰጠው አልነበረም። እዚያም አብሬው እውል ነበር። ሞተሩን ከማስነሣቱ በፊት የዘይቱን ልክ በዘንጉ ያያል፤ አይቶም አያምነው፣ እንደገና ጠርጎ ያያል። ሰው እህሉን ተሸክሞ ቆሞ ይቆጣዋል፤ እሱ ግን አይቸኩልም። እንዲህ ያለ ሰው የወንድሙን አውሮፕላን በተበላሸ መለኪያ ይልካል ብዬ ለማመን ሞክሬያለሁ። አልቻልኩም።

ስለዚህ በአክብሮት አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎ። መለኪያው በእርግጥ ተበላሽቶ ነበር?

ትንቢት


ደብረ ማርቆስ፣ የካቲት 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለትንቢት፣

ጤና ይስጥልኝ። ቀበቶው ደርሶኛል፤ ልኬ ነው። እግዜር ይስጥሽ።

መምህርቷን አስጠርቼ «አሻጥር» የሚለውን ቃል እንድታወጣው አድርጌያለሁ። አሁን «በቴክኒክ ብልሽት» ይላል። የአባትሽም ስም ገብቷል። የጦርነት ዘመን ነገር ብዙ ነው፤ ሁሉም በደብዳቤ አይነገርም። ይህን ያህል ካደረግሁ ይበቃሽ ይመስለኛል።

ጾሙን በሰላም ያስፈጽምሽ።

አካለ ወልድ


ቤርገን፣ መጋቢት 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሼ፣

ስለ ቃሉ አመሰግናለሁ። የጠየቅኩዎት ግን ስለ ቃሉ አልነበረም።

ትንቢት


ደብረ ማርቆስ፣ ሚያዝያ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ በሰሙነ ሕማማት

ለትንቢት፣

በዚህ ሳምንት ሰው ሰላምታ አይለዋወጥም፤ እኔም አላበዛም።

መለኪያው ትክክል ነበር።

ይህችን መስመር ለመጻፍ አርባ ሰባት ዓመት ፈጀብኝ። ከጻፍኋት ዘንድ የቀረውንም ልንገርሽ።

ጥር 1970 ነው። በሁለት አውሮፕላን ወጣን። መሪዬ ሻምበል አወቀ ነበር። የታዘዝነውን የጠላት መኪና መትተን ስንመለስ፣ ከመንገዱ ግራ ከዛፍ ሥር የተደበቁ ሦስት መኪናዎች ታዩኝ። አወቀ በሬዲዮ «ነዳጅህ አይበቃም፤ ተከተለኝ» አለኝ። «አንድ ጊዜ ብቻ» አልሁት። «ተመለስ ብዬሃለሁ!» አለ። አልተመለስሁም። አንድ ጊዜ ሄድሁ፣ አንዱን አቃጠልሁ። ሁለተኛ ሄድሁ። ሦስተኛ ሄድሁ። ልጅ ነበርሁ፤ ስሜ እንዲነሣ እፈልግ ነበር። መለኪያውን አይቼዋለሁ፣ ትንቢት። መርፌው ቀዩ ላይ ነበር። የማስጠንቀቂያ መብራቱም በርቶ ነበር። እደርሳለሁ አልሁ። ከማረፊያው አሥራ ሁለት ኪሎ ሜትር ሲቀረኝ አንዱ ሞተር ጠፋ፤ ትንሽ ቆይቶ ሁለተኛው። እንዲያ ያለ ዝምታ ከዚያ በኋላ ሰምቼ አላውቅም። ወንበሩ አስፈንጥሮ አወጣኝ፤ አውሮፕላኑ ባዶ ሜዳ ላይ ወደቀ። ሰው አልተጎዳም። ሚሊሺያዎች በጭነት መኪና አንሥተው ሆስፒታል አደረሱኝ።

በሦስተኛው ቀን ሁለት መርማሪዎች መጡ። አንደኛው ከአልጋዬ ጫፍ ተቀመጠና፣

«ነዳጁ እንዴት አለቀ?» አለኝ።

ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርሁ።

«መለኪያው ምን ያሳይህ ነበር?»

መንገዱን እሱ ከፈተልኝ፤ እኔ ገባሁበት። «ግማሽ» አልሁ።

«ግማሽ እያሳየህ ሞተር ጠፋ?»

«አዎ።»

«መለኪያውን የፈተሸው ማን ነው?»

ስሙን እኔ አልጠራሁም። መጥራትም አላስፈለገኝም፤ መዝገቡ ላይ የአባትሽ ፊርማ ነበር።

በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ አንለይ ሊጠይቀኝ መጣ። ገና አልሰማም ነበር። ፓፓያ ይዞልኝ መጥቶ በሴንጢው ቆራርጦ እንደ ሕፃን አጎረሰኝ። «እንኳን ሰውነትህ ተረፈ፤ ብረት ይተካል» አለኝ። በላሁት። አንድ ቃል ሳልናገር በላሁት። በሚቀጥለው ቀን ወሰዱት።

አወቀ እውነቱን ያውቅ ነበር። ግን ሳይጠየቅ በሦስተኛው ሳምንት ተመትቶ ቀረ። ከእሱ ሌላ ምስክር የለም። ከዓመት በኋላ ወገቤ ጠንቶ ዳግም በረርሁ፤ ሜዳይም ሰጡኝ።

ፈርቼ ነው ብልሽ ከፊሉ እውነት ነው። በዚያ ጦርነት ትእዛዝ ጥሶ አውሮፕላን የጣለ ሰው ምን እንደሚጠብቀው ሁላችንም እናውቅ ነበር። ግን ልዋሽሽ አልፈልግም። ከሞት ይልቅ የፈራሁት ዳግም አለመብረርን ነው። የአባትሽን አምስት ዓመት ለዚያ ሸጥሁት።

በ76 ሻለቃ ሆኜ ለዕረፍት ስመጣ አምበር ሄጄ ወፍጮ ቤት አገኘሁት። በዱቄት ነጥቷል፣ ይስላል። ሲያየኝ ሞተሩን አጠፋው። ሴቶቹ «ምነው?» ቢሉት «ጥቂት ታገሡኝ» አላቸውና ወደ ውጭ ወጣን።

«ስንት ጊዜ ተመላለስህ?» አለኝ። ሌላ ምንም አላለኝም፤ በቀጥታ።

«ሦስት።»

«እኔ ሁለት ነበር ያልሁት» አለና ጥቂት አሰበ። «አዎ፤ ሦስት ከሆነ አሥራ ሁለት ኪሎ ሜትሩ ይመጣል።»

እስር ቤት ሆኖ ሲያሰላው ኖሯል።

«ለምን አልተናገርህም?» አልሁት።

«በመጀመሪያ ተናግሬ ነበር፤ የሚሰማ አልነበረም። በኋላ የሚሰማ መጣ። ያን ጊዜ ሳስበው፣ ቢያምኑኝ አንተን ይገድሉሃል። እኔን ግን አሰሩኝ እንጂ አልገደሉኝም።»

ከእግሩ ሥር ወደቅሁ። ብብቴን ይዞ አነሣኝ፤ «ሰው ያያል» አለኝ። ከዚያ፣ «ይህችን ልጅ አስተምርልኝ። ሙላቷን እኔ ራሴ እነግራታለሁ፤ አንተ ካፍህ አታውጣ» አለኝ። እናትሽ ከቤቴ ደጅ ስትመለስ የኖረችው ለዚህ ነው። ነግሯታል። ታውቃለች። እኔም ማወቋን ስለማውቅ ፊቷን ማየት ሞት ሆኖብኝ ኖርሁ።

ይቅር በይኝ ብዬ አልጽፍም። ይቅርታ የሚያስጠይቅ ሥራ ገና አልሠራሁም።

አካለ ወልድ እንዳላማው


ቤርገን፣ ሰኔ 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለኮሎኔል አካለ ወልድ እንዳላማው፣

ደብዳቤዎ የደረሰኝ ግንቦት መጀመሪያ ላይ ነው። ወር ሙሉ መልስ ያልጻፍኩት ፖስታ ዘግይቶ አይደለም።

ማትሪክ ስፈተን ልብሴን በራስዎ እጅ ተኩሰው እስከ ፈተናው አዳራሽ አድርሰውኝ ነበር። ሲመሽብኝ በር ላይ ቆመው ይጠብቁኝ ነበር። እነዚህን ከልቤ ላወጣቸው ሞከርኩ፤ እምቢ አሉኝ። «ግማሽ» ያሉበትም አንደበት የእርስዎ ነው። ሁለቱን አንድ ሰው ላይ ማኖር አቅቶኛል። ላቦራቶሪ ውስጥ የሰው ደም ይዤ ስንት ጊዜ እጄ ቆመ።

አባቴ ሲሞት አሥራ አምስት ዓመቴ ነበር። ከሞተ በኋላ እርስዎ ሠላሳ አራት ዓመት ነበረዎት። የከፋኝ የዚያን ጊዜው አይደለም፤ የዚያን ጊዜውን አንድ የሃያ አምስት ዓመት ልጅ ፈርቶ ነው ብዬ ልረዳው እችላለሁ። የከፋኝ ይህ ሠላሳ አራት ዓመት ነው።

የምጠይቅዎ ሁለት ነገር ነው። መጽሐፉ እውነቱን ይጻፍ። እናቴ ዘንድ ሄደው ፊት ለፊት ይናገሩ። ታውቃለች ብለዋል። ብታውቅም ካፍዎ ትስማው። እኔ በስልክ አልነግራትም።

ትንቢት አንለይ


ደብረ ማርቆስ፣ ሐምሌ 23 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለትንቢት አንለይ፣

ደብዳቤሽ ሐምሌ ሰባት ደረሰኝ። በማግሥቱ መንገዱ ክፍት ነበርና ሄድሁ።

እናትሽ ደጅ ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች። ስታየኝ ዓይኗ አላመነም፤ ሰፌዱን ጥላ ለመነሣት ታገለች። «አትነሺ» ብላት አልሰማችኝም። አስገባችኝ፣ አጎዛ አነጠፈችልኝ። ተቀምጬ አፌን ከመክፈቴ በፊት፣ በዚያ ባበጠ እግሯ ከፊቴ ተንበረከከች።

«ይማሩኝ» አለች። «ባለቤቴ ያደረገብዎትን ይማሩኝ። በየት ዓይኔ ልይዎ ብዬ ነው አርባ ዓመት ከደጅዎ የሸሸሁት። ሊገድልዎ የሞከረ ሰው ሚስት ሆኜ፣ እርስዎ ልጄን አስተምረው ሰው ሲያደርጉልኝ ምን ብዬ ልግባ?»

ትንቢት፣ አልነገራትም። አንለይ አልነገራትም ነበር።

እኔ ታውቃለች ብዬ ስሸሻት፣ እሷ አፍራ ስትሸሸኝ ኖርን። አንሥቼ መደቡ ላይ አስቀመጥኋትና እኔ መሬት ተቀመጥሁ። ለአንቺ እንደጻፍሁት አንድ ሳላስቀር ነገርኋት። መሐል ላይ አላቋረጠችኝም። ስጨርስ ነጠላዋን ከራሷ አወረደች።

«ሦስት ጊዜ?» አለች።

«ሦስት ጊዜ።»

«እሱስ ያውቅ ነበር?»

«ያውቅ ነበር።»

ከዚያ አንቱታው ቀረ። «አንድ ቀን ተናድጄ ምን እንዳልሁት ታውቃለህ? ልጆቹ ትንቢትን ሰድበው አልቅሳ የመጣች ዕለት ነው። ‹የገዛ ወንድምህን ያልማርህ እኔን ትምረኛለህ?› አልሁት። በማግሥቱ ወፍጮ ቤት ማደር ጀመረ። ሰባት ዓመት ስንኖር እንግዳ እንደ መጣበት ቤት ነው የኖርነው። ሲሞትም አልጋው ላይ እጁን አልያዝሁትም። ሰማኸኝ? እጁን አልያዝሁትም።»



«ውጣልኝ» አለች። ወጣሁ። አጥሩ ጋ ስደርስ ጠራችኝ። «ለእኔ ሹክ ብለህ አትሄድም» አለች። «ስሙን ያጠፉት በአደባባይ ነው። ለገብርኤል ና።»

ሐምሌ አሥራ ዘጠኝ ሄድሁ። ዝናብ ነበር፤ ሰዉ ግን የቤተ ክርስቲያኑን ግቢ ሞልቶታል። አስተዳዳሪውን ቄስ ገብረ ሚካኤልን ቀደም ብዬ ነግሬያቸው ስለነበር ቅዳሴው አልቆ ሰው ሳይበተን «የሚናገር ሰው አለ» አሉና ድምፅ ማጉያውን ሰጡኝ። ብዙ መድረክ ላይ ቆሜያለሁ። ጉልበቴ እንዲያ ሲከዳኝ ያየሁት ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዬን የበረርሁ ዕለት ብቻ ነው። «ቴክኒሻን አንለይ ይስማው አሻጥር አልሠራም» አልሁ። «አውሮፕላኑን የጣልሁት እኔ ነኝ። በሐሰት መስክሬ ያሳሰርሁትም እኔ ነኝ። አውቆ ዝም ያለው እኔ እንድተርፍ ነው።» ያዘጋጀሁት ሌላ ብዙ ነበር፤ ጠፋብኝ።

አንድ ሽማግሌ ከወንዶቹ መሐል፣ «ታዲያ እስከ ዛሬ የት ነበርህ?» አሉኝ።

«ማርቆስ» አልሁ። እውነቱም እሱ ነው። ግማሽ ሰዓት መንገድ ላይ።

እናትሽ ከሴቶቹ መካከል ወጥታ በምርኩዟ ወደ መቃብሩ ሄደች። ጥቂት ቆይቶ ሥራነሽ፣ ጎረቤቷ፣ ተከተለቻት። ከዚያ ሌላዋ፣ ከዚያ ሌላዋ። አንለይ ሲሞት ለቅሶው ላይ ሰው እንዳልቆመ ቄሱ ነገሩኝ። ያን ዕለት ግን ሬሳው ዛሬ እንደ ወጣ ሁሉ አለቀሱለት። ሥራነሽ ሙሾ አወረደች። ወንዶቹም ኮፍያቸውን አውልቀው በዝናቡ ቆሙ። ሦስት ቀን ሙሉ እናትሽ ቤት ለቅሶ ደራሽ ሲገባ ሲወጣ ነበር፤ ሰው ንፍሮውን፣ እንጀራውን ተሸክሞ መጣ። እኔ በግቢው በር በኩል ቆሜ ዋልሁ። ግባ አላለችኝም፤ ሂድም አላለችኝም። በሦስተኛው ቀን በሥራነሽ እጅ አንድ ወንበር ላከችልኝ።

ለመምህርት ፍቅርአዲስ ሁሉንም ነግሬያታለሁ። ብዙ ጻፈች። ስትጨርስ «ይህ ከወጣ ምዕራፉ የእርስዎ አይሆንም» አለችኝ። «አይሁን» አልኋት። ርእሱንም ቀይራዋለች።

እግዚአብሔር ይጠብቅሽ። መልስ አልጠብቅም።

አካለ ወልድ


ቤርገን፣ ጳጉሜን 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሼ አካለ ወልድ፣

ዓመቱ ሳያልቅ ልጻፍልዎ ብዬ ነው። ጤናዎን እግዜር ይጠብቀው።

ይቅር ብዬዎታለሁ ለማለት ብዕሬን አንሥቼ አስቀመጥኩት። አንዳንድ ቀን ብያለሁ፤ አንዳንድ ቀን አላልኩም። ሲሆንልኝ እጽፍልዎታለሁ፤ ሳይሆንልኝ አልዋሽዎትም። በታኅሣሥ ፈቃድ አለኝ። መንገዱ ከተከፈተ እመጣለሁ። መጀመሪያ አምበር ነው የምገባው፤ ከዚያ በኋላ ወደ እርስዎ።

እሑድ ዕለት እናቴ ደወለች። ስለ አባቴ አውርታልኝ አታውቅም። ስጠይቃት የሙት ነገር ምን ያደርግልሻል ነበር መልሷ። እሑድ ግን እኔ ሳልጠይቃት ጀመረች። ሊያጫት የመጣ ዕለት ጫማው እንደ ጠበበውና እያነከሰ እንደ ገባ፣ አባቷ «አንካሳ ነው እንዴ?» እንዳሉ፣ እሷ ከጓዳ ሆና እንደ ሳቀች። እንጉርጉሮ ይወድ እንደነበር፣ ድምፁ ግን አስቀያሚ እንደነበር። የተወለድኩ ዕለት ከጦር ሰፈሩ ቴሌግራም እንደ ላከና የሚያነብላት ሰው ፍለጋ ማርቆስ ድረስ በእግሯ እንደ ሄደች። አንድ ሰዓት ሙሉ ያለማቋረጥ አወራች። ጋሼ፣ ሠርግ ላይ እንዳለች ሴት ትስቅ ነበር።

ከዚያ ስለተፈታበት ቀን ነገረችኝ። ቀትር ላይ ነው። ከአውቶቡስ ወርዶ በዚያ አቧራ ብቻውን በእግሩ ሲመጣ ከሩቅ አየችው። ወጥታ አልተቀበለችውም። በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችው። ደርሶ «ደክሞኛል» አላት። ውኃ ሰጠችው፤ ጠጣ። አልሳመችውም።

ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ «እማዬ?» አልኳት።

«አለሁ» አለችኝ። «ዛሬ ቢመጣ እኮ፣ ልጄ፣ በዚህ እግሬም ቢሆን እስከ አስፋልቱ ሮጬ እወጣ ነበር።»

ትንቢት